ያስቆሙኝ በማን ንጉሥ ነው?

ሰው ሮጦ ሲያመልጥ አይታችሁ ይሆናል። ካመለጠ በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ ቃል ሰምቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰውስ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ያየሁትም ሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ ልደታ፣ አይሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ላይ ነው። ዘመኑ የጣሊያን ነበር።

ነገሩን ለብዙ ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ከሆዴ ያስወጣው ምርጫው ነው። ለሕዝብ እንደራሴነት ከእኛ ሰፈር ከተወዳደሩት አንዱ አቶ ደምሴ ነበሩ፤ የምርጫ ምልክታቸው ሚዛን። በልደታ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ስወጣ፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ይነታረካል። ባንዱ ወገን «እሱ ባንዳ ነው፤ አርበኛ አስይዞ ያስገደለ!» ይባላል። በሌላው ወገን «እሳቸው ለንጉሣቸው ብለው የተገረፉ ጀግና ናቸው!» ይባላል። አንዱ በአንተታ፣ ሌላው በአንቱታ ይጥራቸው እንጂ የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ቀን፣ እንዲያውም ስለ አንድ ቃል ነው። ሁሉም የሚያወራው የሰማውን ነው። እኔ ግን በቦታው ነበርኩ። መኖር ብቻም አይደለም፣ የአቶ ደምሴ ዋስ ነበርኩ። የምን ዋስ እንደሆንኩ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ያን ጊዜ ሰንጋ ተራ ጠርዝ ላይ ኮርቻና ቀበቶ እሰፋ ነበር። የከብት ገበያው ቅርብ ስለሆነ ቆዳ ቸግሮኝ አያውቅም። ከቆዳና ከመርፌ ሌላ ብዙም የማውቀው ነገር አልነበረም። ጣሊያን ከተማ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ያስጨነቀኝ «እነዚህ ሰዎች የሚሄዱት በካሚዮን ነው፤ እንግዲህ ኮርቻ ማን ይገዛኛል?» የሚለው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የማላውቀው ሰው የተበጠሰ የጥይት ዝናር ይዞ መጥቶ ጠግንልኝ አለኝ። ጠግኜ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩለት። ባለቤቱ ሳይመለስ አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ መጡ። መደበቅ እንዳለበት እንኳ አላሰብኩም፤ ለእኔ ዝናር ማለት ስፌቱ ነበር። የእኔ አርበኝነት ይኸው ነው፣ በማላውቀው ሰው ዝናር ታሰርኩ።

የታሰርነው ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ በሽቦ በታጠረ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሊያን ሜዳውን ለአይሮፕላን ማረፊያ ሊያስተካክለው ፈልጎ፣ እስረኛውን ድንጋይ ያስፈልጠዋል፣ ጠጠር ያስደቅቀዋል፣ በባሬላ ያሸክመዋል። ባሬላ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚይዘው የእንጨት መሸከሚያ ነው። የእኔ የባሬላ ጓደኛ አቶ ደምሴ ነበሩ። እሳቸው ከፊት ስለሚሆኑ፣ የእስር ጊዜዬን የአቶ ደምሴን ማጅራት እያየሁ አሳለፍኩ ብል አልዋሸሁም።

አቶ ደምሴ ከጦርነቱ በፊት ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ ለሰው ችሎት ቆመው የሚከራከሩ። ዘምተው፣ ቆስለው፣ ተማርከው ነው እኛ ጋ የመጡት። ድምፃቸው ከዚህ ማዶ ቢናገሩ ከዚያ ማዶ ይሰማል። እስር ቤትም ውስጥ ሙግት አይተዉም። «ይህ ዳቦ ከትናንቱ ያንሳል፤ በምን ሥርዓት ነው የተቀነሰው?» እያሉ ዳቦ አዳዩን አስካሪ ሲያፋጥጡት፣ እሱ ደግሞ ይስቅና «ነገረ ፈጅ፣ ጉዳይዎ ለነገ ተቀጥሯል» ይላቸዋል። እኛም እንስቅ ነበር። ሳቅ እዚያም አልጠፋም፤ ቢጠፋ ኖሮ እናብድ ነበር።

ሌላው ልነግራችሁ የሚገባኝ ሰው ሽፈራው ነው። ከቡልጋ የመጣ ገበሬ ሲሆን፣ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ እግሩን ተመትቶ ተይዞ፣ ቁስሉ ከዳነለት በኋላ ወደ እኛ አመጡት። ዝምተኛ ነው። ድንጋይ አራግፎ ቀና ባለ ቁጥር ከሜዳው ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫካ ያያል። ሁላችንም ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። ሁላችንም ደግሞ እንፈራዋለን፤ ምክንያቱም የካምፑ አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ አሰልፎ በአስተርጓሚ ነግሮናል፤ አንድ እስረኛ ቢጠፋ ከቀሩት ዕጣ እየወጣ ይረሸናል።

ያ ቀን ሲጀመር እንደ ሌላው ቀን ነበር። ረፋዱ ላይ አንድ አይሮፕላን ሊያርፍ መጣ። ሜዳው ገና ስላልጠነከረ አይሮፕላን ሲያርፍ አቧራው ጉድ ነው፤ ሰውና ድንጋይ አይለይም። ጠባቂዎቹ ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ዞሩ። አቧራው መለስ ሲል የሽፈራው ባሬላ መሬት ላይ ነው። ቀና ስል ሽፈራው ካሚዮን በሚገባበት በኩል ከሽቦው ወጥቶ ወደ ወንዙ ይሮጣል።

ያን እግሩን እየጎተተ እንዴት እንደሮጠ እግዜር ይወቅ። ከጠባቂዎቹ አንድም ያየው የለም፤ አንዱ ዓይኑን ያሻል፣ ሌላው አይሮፕላኑን ያያል። ሽፈራው የወንዙ አፋፍ ላይ ደረሰ። አንድ ዝላይ ቢዘል ቁልቁል ወርዶ ከዓይን ይሰወራል። በሆዴ «ሂድ! ሂድ!» እላለሁ። ያን ጊዜ ዕጣውን ረስቼው ነበር ማለት እችላለሁ፤ ወይም ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

ከፊቴ፣ ከዚያ ዘወትር ከማየው ማጅራት ላይ፣ ጩኸት ፈነዳ።

«በንጉሥ አምላክ!»

ለወጣቶቹ አንባቢዎች ይህን ቃል ላስረዳ። ያን ጊዜ አንድ ሰው «በንጉሥ አምላክ» ተብሎ ከተጠራ ይቆማል፣ አለቀ። የሰረቀም ይሁን የገደለ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ የጠራው ሰው ደካማ ሽማግሌም ቢሆን ይቆማል። ዘበኛ አያስፈልግም። ሰው ጥሎት ቢሄድ የሚንቀው ጠሪውን ሳይሆን ንጉሡን ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ እግራችን የተማረው ነገር ነው፤ ጭንቅላታችን ሳይሰማ እግራችን ይሰማል።

ሽፈራው ቆመ።

መቆም ብቻ ቢሆን ደንግጦ ነው ባልኩ። ወደ እኛ ዞረ፤ ያችን ቡትቶ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገ። ችሎት ፊት እንደሚቀርብ ሰው እጁን አጣምሮ፣ የጠራውን ሰው በዓይኑ እየፈለገ፣ ጫካውን ከጀርባው አድርጎ ቆመ። አስካሪዎቹ ጩኸቱን ሰምተው ነቁ፤ ሮጠውም ያዙት። እሱ ግን ሲይዙት እንኳ የሚያየው እነሱን አልነበረም።

አቶ ደምሴ ባሬላውን ለቀዋል። ድንጋዩ እግሬ ላይ ተራግፎ ነበር፤ ያመመኝ ግን ቆይቶ ነው። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ቆመ… ለምን ቆመ?» ይላሉ። ደጋግመው ይሉታል።

ካፒቴኑ ከተማ ወጥቶ ነበር። የቀረው የጣሊያን አሥር አለቃ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። አንድ እስረኛ ጠፍቶ ነበር፤ አንድ እስረኛ በጩኸት አስቆመው። የጮኸው ይሸለም ወይስ ይገረፍ? ስላላወቀ ካፒቴኑ እስኪመጣ ሽፈራውንና አቶ ደምሴን በአንድ ሰንሰለት አስሮ መጋዘን አስገባቸው። እኔንም አጠገባቸው የነበርኩ ምስክር ብሎ አብሮ ዘጋብኝ። ሰውየው ሳያውቀው የአገራችንን ወግ ፈጸመ፤ በእኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይታሰሩ የለ? ቁራኛ ማለት እኮ ይኸው ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። የሽፈራው ከንፈር ተሰንጥቆ ደም ይወርዳል፤ ሲይዙት በሰደፍ መትተውታል። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሰንሰለቱ ሌላውን ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ላለመንቀሳቀስ ይጠነቀቃሉ። ሽፈራው ደሙን ጠረግ አደረገና፣

«አቶ ደምሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለ።

«ጠይቀኝ።»

«ያስቆሙኝ በማን ንጉሥ ነው?»

ቁጣ የለበትም። አንቱታውን እንኳ አላጓደለም። ቢሰድባቸው ይሻለኝ ነበር። አቶ ደምሴ፣ ለዳቦ ቅናሽ እንኳ ሙግት የማያጡት ሰው፣ የሰንሰለቱን ቀለበት በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። እኔ ዘው ብዬ ገባሁ።

«መትረየስ አይተው ነው!» አልኩ። «ከወንዙ ማዶ መትረየስ ይዘው የሚጠብቁ አሉ፤ አንተ ከተያዝክ በኋላ ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ። ብትወርድ ይቆርጡህ ነበር። ሊያድኑህ ብለው ነው።»

አልዋሸሁም፤ ጠባቂዎቹ በእውነት ነበሩ። ለአቶ ደምሴ ማምለጫ በር ከፈትኩላቸው ማለት ነው። ሽፈራው ፊቱ በራ፣ ወደሳቸው ዞረ። አቶ ደምሴ በዚያች በር ቢያልፉ ኖሮ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

«እኔ መትረየስ አላየሁም» አሉ።

«ታዲያ ምን አዩ?» አለ ሽፈራው።

«ዕጣውን ነው ያየሁት። የእኔ ስም ሲወጣ ታየኝ። ፈርቼ ነው፣ ልጄ። አፌ ቀደመኝ። ያን ቃል ስንት ዘመን ለተበደለ ሰው ስጠራው ኖሬ፣ ዛሬ ለራሴ ነፍስ ጠራሁት። ደግሞም ትቆማለህ ብዬ አላሰብኩም።»

«እንዴት አልቆምም?»

እዚህ ላይ እኔ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በሁለቱም መሰለኝ። «አንተ ሞኝ!» አልኩት ሽፈራውን። «ንጉሡ ባሕር ማዶ ናቸው። ዳኛ የለ፣ ችሎት የለ። ማን ሊጠይቅህ ነው የቆምከው?»

ሽፈራው አየኝ። ያቺ አስተያየቱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

«እነዚህ ሰዎች መጥተው ንጉሥ የላችሁም አሉን» አለኝ። «እኔ የተዋጋሁት አለን ብዬ ነው። ስማቸው ተጠርቶ ጥዬ ብሄድ፣ እኔም የለንም ማለቴ አይደል?»

አለቀስኩ፤ በቡጢ ቆርቆሮውን እየመታሁ አለቀስኩ።

ሽፈራው ወደ አቶ ደምሴ ተመለሰ። «እኔን ዛሬ ይገድሉኛል፤ እሱን ተዉት። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። እነሱም አገር ንጉሥ አለ። ካፒቴኑ ሲመጣ ‹የሮማን ንጉሥ ስም ጠርቶ ሽፍታ ያዘልን› ብሎ ሊሾምዎት ይችላል። ያን ጊዜ ዝም ካሉ፣ እኔ ቆሜ የተያዝኩት ለሮማው ንጉሥ ሊሆን ነው። ይህን አልሻም። የማን ንጉሥ እንደነበር ፊት ለፊት ይናገሩልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም።»

«እናገራለሁ» አሉ አቶ ደምሴ።

«ዋስ ይጥሩ።»

ይህንን ሲል ቀና አልኩ። ሦስት ሰው ነው ያለነው፤ ሁለቱ አንድ ሰንሰለት ላይ ናቸው። አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። በችሎት ዘመናቸው ስንት ጌታ ዋስ እየሆናቸው የኖሩ ሰው፣ ወደ አንድ ኮርቻ ሰፊ ዞሩ።

ዋስነት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰውዬው ቃሉን ቢያጥፍ አቅርብ የሚባለው ዋሱ ነው። እዚያ ደግሞ ማቅረብ ማለት ከካፒቴኑ ፊት አፍ መክፈት ነው። እሺ ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ። «ዋስ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። ሽፈራው አንገቱን ነቀነቀና ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር።

ካፒቴኑ ከቀትር በኋላ መጣ። ሦስታችንንም አወጡን። ሌሎቹ እስረኞች ሥራ አቁመው እንዲያዩ ተሰልፈዋል። ካፒቴኑ ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው ከጎኑ ቆሟል። አስተርጓሚው ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛ የከተማ ልጅ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ሰው እንዳይገረፍ ቃል አለሳልሶ ሲተረጉም ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል።

አሥር አለቃው የሆነውን ተናገረ። ካፒቴኑ ቃሉ ምን እንደነበር ጠየቀ፤ አስተርጓሚውም ተረጎመለት። ካፒቴኑ ደስ አለው። ብድግ ብሎ አቶ ደምሴን ከእግር እስከ ራስ ተመለከታቸው።

«ካፒቴኑ ተደስቷል» አለ አስተርጓሚው። «በንጉሡ ስም ሽፍታ ያስቆመ ሰው ታማኝ ነው ይላል። ከዛሬ ጀምሮ የእስረኞች አለቃ ይሆናሉ፤ ቤትዎ እያደሩ ይመላለሳሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለንጉሡ ነው የጠሩት፣ አይደል? እንዲያ ብቻ ይበሉ» አላቸው።

አቶ ደምሴ ሽፈራውን አላዩትም። እኔንም አላዩኝም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ለንጉሥ ነው» አሉ።

ውሸት አይደለም። ነገረ ፈጅ ናቸውና ውሸት ያልሆነውን ያውቃሉ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ካፒቴኑ የአቶ ደምሴን ትከሻ መታ መታ አደረገና በእጁ ምልክት ሰጠ። አስካሪው መጥቶ ሰንሰለቱን ፈታላቸው። የተፈታው ጫፍ የሽፈራው እግር ሥር ወደቀ። አቶ ደምሴ እንደ ደነዘዘ ሰው ወደተጠቆሙበት፣ ወደ መውጫው በር፣ መራመድ ጀመሩ።

ሽፈራው ያየው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው።

«ዋስ!» አለኝ። «ሰውህን አቅርብ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጀግንነት አልተሰማኝም። የተሰማኝ ሽንቴ ነው። ካፒቴኑ «ምን ይላል?» ብሎ አስተርጓሚውን ይጠይቃል፤ አስተርጓሚው «ይለምናል» ይለዋል መሰለኝ። አቶ ደምሴ ይራመዳሉ። ያ የማውቀው ማጅራት ከእኔ ይርቃል። በሩ ጋ ሊደርሱ ነው። ሰውን በምን ያስቆሙታል? የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ከራሳቸው የሰማሁት።

«በንጉሥ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

አቶ ደምሴ ቆሙ።

ልክ እንደ ሽፈራው ቀጥ አሉ። ለትንሽ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተውን ከቆሙ በኋላ ቀስ ብለው ዞሩ፤ የለበሱትን ጨርቅ ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉ። ፊታቸው ላይ እንባ ነበር። ከበሩ ተመልሰው መጥተው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«ንጉሤ ባሕር ማዶ ያሉት ናቸው» አሉ። ያ ድምፃቸው ተመልሶላቸዋል፤ እስረኛው ሁሉ ሰማ። «የእናንተን ንጉሥ ስም አልጠራሁም። ይህ ሰው የቆመው ለእኛ ንጉሥ ነው። እኔ የጠራሁት ፈርቼ ነው፤ ሹመቱም የፍርሃቴ ዋጋ ስለሆነ አልቀበልም።»

አስተርጓሚው ደነገጠ። «እባክዎ ጌታዬ» አለ፤ «ይህን አልተረጉምም።»

«ተርጉም። አንተ ባትተረጉም እኔ በእጄ አሳየዋለሁ።»

ተረጎመ። የካፒቴኑ ፈገግታ ወዲያው ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማስረዘም አልፈልግም። አቶ ደምሴን በተገለበጠ ባሬላ ላይ አስተኝተው ገረፏቸው። ቀኝ እጃቸውን፣ ያን «በእጄ አሳየዋለሁ» ያሉበትን፣ ካፒቴኑ በሰደፍ አስቀጠቀጠው። ለእኔም ስለጮህኩ ድርሻዬ ደርሶኛል፤ ጀርባዬ ይመሰክራል። ሽፈራውን ግን ወደ ወንዙ አፋፍ፣ ወደቆመበት ቦታ ወሰዱት። ሲወስዱት ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፍቶ ነበር፤ አንድ ነገር ሊለኝ። አስካሪው ገፈተረው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ተኩሱን ሰማን። አስከሬኑን በባሬላ አምጥተን ሜዳው ዳር ቀበርነው። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ከፊት የያዘው ሌላ ሰው ነው። ከወራት በኋላ ማረፊያው ሲሰፋ በመቃብሩ ላይ ጠጠር አስደለደሉን። ዛሬ አይሮፕላን የሚንደረደረው በእሱ ላይ ነው።

እንግዲህ በምርጫው ሰሞን፣ ያን የልደታ ዕለት ደጀ ሰላም ስደርስ ሰዉ የሚነታረከው በዚህ ነው። አንዱ አየኝና «ይኸውላችሁ፣ አብሮ ታስሮ ነበር! ይናገር!» አለ። አቶ ደምሴም እዚያው ነበሩ፤ የተሰበረ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው። ዓይን ለዓይን ተያየን። «ሁሉንም ተናገር፤ ምንም እንዳታስቀር» አሉኝ።

ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ስለ ጩኸቱ ስናገር አንደኛው ወገን «አላልናችሁም?» አለ። ስለ ግርፋቱ ስናገር ሌላኛው አጨበጨበ። ሁለቱም የየራሱን ግማሽ ይዞ ሊሄድ ነው። መሐል ላይ አንድ ሰውዬ ትዕግሥቱ አለቀና «ተረቱን ተወውና በአንድ ቃል ንገረን፤ ሰውየው አርበኛ ነው ባንዳ?» አለኝ።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አልኩ።

ሳቁብኝ። «ቆዳ ሲፍቅ ኖሮ ነገር አይገባውም» ያለኝም አለ። ምን ላድርግ? ሌላ ቃል አልነበረኝም። በዚያ ሜዳ ላይ በሰው ሁሉ ፊት «ፈርቼ ነው» ያለ ሰው አንድ እሳቸውን አይቻለሁ፤ አርበኛ ነኝ የሚል ግን ከነጻነት በኋላ ሜዳ ሙሉ አይቻለሁ። እናንተ የምታነቡት ሰዎች፣ ሰውን በአንድ ጩኸቱ ስትመዝኑ ከዚያ በኋላ ሲጠራ መቆሙን ወይም ጥሎ መሄዱንም ጠይቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ የማይፈራ ሰው አላምንም። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ» ሲባል ከሰማሁ፣ ለእኔ ባይሆንም፣ እግሬ ይቆማል፤ ዓይኔም ሳላስበው ወደ ሜዳው ይዞራል።

ሚዛን ተሸነፈ። ያሸነፈው በጣሊያን ዘመን የት እንደነበረ ማንም የማያውቀው ሰው ነው።

ውጤቱ በተነገረ ማግሥት አቶ ደምሴ ሱቄ መጡ። ኮርቻ መስፊያው ላይ ተቀመጡና በደህና እጃቸው ቆዳውን ሲነካኩ ቆዩ። በእኔ ምስክርነት እንደተሸነፉ ሁለታችንም እናውቃለን። ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት፤ የጠየቁኝን ነው ያደረግሁት።

«ብዙ ዘመን ዋሴ ሆነህ ኖርክ» አሉኝ። «በልደታ ዕለት ደግሞ በሕዝብ ፊት አቀረብከኝ። ከእንግዲህ ይብቃህ፤ ከዋስነት ወርደሃል።»

«እርስዎ ሊያወርዱኝ አይችሉም፣ አቶ ደምሴ» አልኳቸው። «ሕጉን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ዋስን የሚያወርደው ከሳሹ ነው።»

አይሮፕላን መጥቶ ሜዳው ላይ ሲያርፍ የሱቄ ጣሪያ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። አቶ ደምሴ ድምፁ እስኪያልፍ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ከዚያ ተነሥተው በሩ ላይ ደረሱና፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ቆሙ።

«ሽፈራው ሲወስዱት ምን ሊልህ ነበር የዞረው?» አሉኝ።

እኔም አላውቅም።